ቤተ ሙከራ ሳይኖር፣ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ሳይንስን በተግባር ማስተማር፦ የሻማና የብርጭቆው ትምህርት ደረጃ በደረጃ

መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ታጭቆ ነው የሚቀመጠው፤ ቤተ ሙከራ የለንም፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ሳይንስን በተግባር አስተምር እባላለሁ፤ በምኔ ላስተምር?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ አንድ ላይ ጻፍኩት። ብዙ ሙከራ አልደረድርም። አንዱን ብቻ ወስጄ ከዝግጅቱ እስከ መጨረሻው ደቂቃ አሳያለሁ፤ አካሄዱን ከያዙት ወደ ሌላ ርዕስ ማዞሩ አያስቸግርም።

አካሄዱ ይህ ነው፦ ተማሪው ከማየቱ በፊት ይገምታል፤ ከዚያ ያያል፤ ከዚያ ያየውንና የገመተውን እያስተያየ ምክንያቱን ይፈልጋል። ከሦስቱ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ትምህርቱን አስረድተን ከጨረስን በኋላ ሠርቶ ማሳያ ስናቀርብ ተማሪው መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የሚያስብበት ነገር አይኖረውም፤ ትርኢት ዐይቶ ይወጣል።

ሙከራው ቀላል ነው። ትንሽ ውሃ ባለበት ትሪ መሐል ሻማ ይቆማል፣ ይለኮሳል፣ ብርጭቆ ይደፋበታል። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ይስማማል፤ 9ኛ ክፍል ላይም ለአየር ግፊት ይሆናል። እሱን የመረጥኩት አብዛኛው ተማሪ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ምክንያት የሚሰጥበት ስለሆነ ነው። ስሕተቱን ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ በራሱ በሙከራው መፈተን ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከንፈር ያለው የብረት ትሪ። የፕላስቲክ አይሁን።
- ቁመታቸው እኩል የሆነ 3 ቀጫጭን ሻማዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር። ጧፍ ቆራርጦ መጠቀምም ይቻላል።
- ሁለት አንድ ዓይነት የብርጭቆ ዕቃዎች። ሰፊ አፍ ያለው የማርማላታ ብልቃጥ ከሁሉም ይሻላል። ቁመቱ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሦስቱም ሻማ ሳይጣበብ ይግባበት።
- 6 ሳንቲሞች ወይም ቁመታቸው የሚቀራረብ ጠፍጣፋ ጠጠሮች።
- ሻማዎቹን የሚያቆም ቁራጭ ሊጥ ወይም ጭቃ።
- የቀዘቀዘ ሻይ ቅጠል ውሃ። ንጹሕ ውሃ ከኋላ ዴስክ አይታይም፤ ጠቆር ያለ ሻይ ግን ይታያል።
- ክብሪት፣ ማስመሪያ፣ ፕላስተር፣ እስክሪብቶ።
- በባልዲ አሸዋ ወይም ውሃ፣ አንድ እርጥብ ጨርቅ።
- ለየተማሪው ሩብ ወረቀት፤ የራሳቸው ደብተርም ይበቃል።

በሁለቱም ብልቃጦች ጎን ፕላስተር ለጥፈው በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ መስመር ያስምሩ። ብልቃጡ ተደፍቶ ስለሚቆም ቁጥሩ ከአፉ ይጀምር።

ጥንቃቄ

ክብሪቱን የሚይዙትና የሚጭሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ነጠላ፣ ሻሽና ያልታሰረ ፀጉር ከትሪው አጠገብ አይድረስ፤ የሚረዱዎት ተማሪዎችም ይህን አሟልተው ይምጡ። ጠረጴዛውን ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ ወረቀቶችና ከመጋረጃ ያርቁት፤ ክፍሉ የሣር ክዳን ካለው ሙከራውን ውጭ፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ያድርጉት። እሳቱን ለማድመቅ ብሎ አልኮል፣ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን መጠቀም ፈጽሞ አይቻልም። የተሰነጠቀ ብልቃጥ አይጠቀሙ። ሻማው ከጠፋ በኋላም የብልቃጡ ቂጥ ስለሚያቃጥል ቢያንስ 2 ደቂቃ ሳይነኩት ይቆዩ። አስም ያለበት ልጅ ካለ ጭሱ በማይደርስበት፣ ወደ መስኮቱ ይቀመጥ።

አሠራሩ

1. ከአንድ ቀን በፊት ቤትዎ ይሞክሩት። የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ብልቃጥ ከብልቃጥ ይለያል፤ ሻማውም በአንዱ ቶሎ፣ በሌላው ዘግይቶ ይጠፋል። ሦስቱን ሻማዎች በሊጥ አቁመው፣ ሻዩን 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እስኪኖረው ያፍስሱና የብልቃጡ ከንፈር የሚያርፍባቸውን 3 ሳንቲሞች ዙሪያውን ያስቀምጡ። ሳንቲሞቹ ከሌሉ የብልቃጡ ከንፈር ከትሪው ጋር ይገጥምና ውሃው መግቢያ ያጣል፤ «ሙከራው እምቢ አለኝ» ብለው ከሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙዎቹን የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው። በነበልባሉ ጫፍና በብልቃጡ ቂጥ መካከል ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑር፤ አለበለዚያ ብርጭቆው ሊሰነጠቅ ይችላል።

አንዱን ሻማ ብቻ ለኩሰው ይሞክሩ፤ ከዚያ ሦስቱንም። ሁለቱንም ጊዜ ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወጣ ይመዝግቡ። ልዩነቱ ከሩቅ የማይታይ ከሆነ ብልቃጡን ይቀይሩ።

2. ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ ርዕሱን አይጻፉ (2 ደቂቃ)። «ኦክስጅንና ቃጠሎ» ብለው ከጻፉ መልስ የሚመስል ነገር አቀብለዋል፤ ቀሪው ክፍለ ጊዜ ከሰረ። የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦

ብልቃጡን ሻማው ላይ ስደፋው፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውሃ፦
1) ከፍ ይላል
2) ዝቅ ይላል
3) እንዳለ ይቆያል
ለምን?

ስለ ሻማው መጥፋት አይጠይቁ። ያንን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚታወቅ ነገር አያከራክርም። ሁለቱ ያልተለኮሱ ሻማዎች ለምን እንደቆሙ የሚጠይቅ ልጅ ካለ «ቆይ፣ ይደረስበታል» ይበሉት።

3. በዝምታ ይጻፉ (3 ደቂቃ)። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩንና አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ይጽፋል፤ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ። ምክንያቱም በእርሳስ የጻፈ ልጅ ውጤቱን ሲያይ ላጲስ ያነሣና «እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት» ይላል። ግምቱ ሳይሰረዝ ከቀረ ግን ካየው ነገር ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል፤ መማር የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ለግምት ነጥብ እንደማይሰጥ አስቀድመው ይንገሩ፤ ነጥብ ካለው ከጎበዙ ልጅ ደብተር ይገለበጣል።

4. በጣት ድምፅ ይስጡ (2 ደቂቃ)። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ ሁሉም የመረጠውን ቁጥር በጣቱ ደረቱ ላይ አድርጎ ያሳያል። እጅ ወደ ላይ ከወጣ ኋላ ያሉት የፊተኞቹን ዐይተው ይከተላሉ፤ ደረት ላይ ሲሆን ግን የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ግምታዊ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ያስፍሩ። ፊትዎ ላይ ምንም አይታይ፤ 60 ልጅ የሚያነበው ሰሌዳውን ሳይሆን የመምህሩን ቅንድብ ነው።

5. ዴስክ ለዴስክ ይከራከሩ (4 ደቂቃ)። ትእዛዙ «ተወያዩ» ከሆነ ስለ ኳስ ይወራል። «ካንተ የተለየ ቁጥር የያዘ ሰው ፈልግና አሳምነው» ሲባል ግን ሥራ አለው። በየዴስኩ እየዞሩ ምክንያቶቹን ያዳምጡ፤ በኋላ የሚጠሯቸውን ሦስት ልጆች ልብ ይበሉ፤ የተለያየ መልስ የያዙ ይሁኑ፤ እጅ የማያወጣም አንድ ይኑርበት። ከዚያ በጣት እንደገና ድምፅ ያሰጡ። በመጀመሪያው ዙር ከ10ሩ 8ቱ አንድ መልስ ከያዙ ይህን ደረጃ ይዝለሉት፤ ክርክር አይኖርም።

6. በአንዱ ሻማ ያሳዩ (5 ደቂቃ)። ትሪውን ዴስክ ላይ በተጫነ ወንበር ላይ ያስቀምጡት፤ ወንበሩ እንደማይወላውል ያረጋግጡ። ሦስት ተመልካቾች ወደ ፊት ይውጡ፦ አንዱ ሻማው እስኪጠፋ ሰከንድ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው በብልቃጡ ከንፈር ዙሪያ አረፋ መውጣቱን ያያል፤ ሦስተኛው የውሃውን ከፍታ ጮክ ብሎ ያነባል፦ ሻማው እየነደደ ሳለ፣ ልክ ሲጠፋ፣ ከጠፋም ከግማሽ ደቂቃ በኋላ። እነዚህ ሦስት ንባቦች በኋላ ማስረጃ ስለሚሆኑ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ።

መሐል ያለውን ሻማ ብቻ ይለኩሱ፤ ነበልባሉ እስኪረጋ ጠብቀው ብልቃጡን ሳይቸኩሉ ሳንቲሞቹ ላይ ይድፉት። አይናገሩ። የኋላው ወንበር ካልታየው ተመልካቾቹ ያዩትን ይንገሩት፤ ጊዜ ካለ የኋላዎቹ በየተራ ቀርበው የመጨረሻውን ከፍታ ይዩ።

7. ያዩትንና የመሰላቸውን ይለዩ (4 ደቂቃ)። ሰሌዳውን ለሁለት ይክፈሉ፦ «ያየነው» እና «ምክንያቱ ይመስለናል»። አንድ ልጅ «ኦክስጅኑ አለቀ» ሲል ወደየትኛው እንደሚገባ ክፍሉን ይጠይቁ። ኦክስጅን ሲያልቅ ያየ ማንም የለም፤ የታየው ነበልባሉ መጥፋቱና ውሃው መውጣቱ ነው። ይህን መለየት ካልለመዱ በሚቀጥለው ክፍል የሙከራ ዘገባ ሲጽፉ ሁሉንም አንድ ላይ ያቦኩታል።

8. ምክንያቱን ይጠይቁ፤ አይፍረዱ (4 ደቂቃ)። ቀድመው የመረጧቸውን ሦስት ልጆች ይጥሩ። ጥያቄ ጠይቀው ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ዝም ይበሉ። ዝምታው ለመምህር ረጅም ይመስላል፤ ለሚያስብ ልጅ ግን ገና መጀመሩ ነው። ከሚመጡት መልሶች በብዛት የሚደጋገመው ይህ ነው፦ «እሳቱ ኦክስጅኑን ጨረሰው፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ውሃው ያዘው።» አንዳንዱ ጎበዝ ደግሞ አየር ውስጥ 21 በመቶ ኦክስጅን እንዳለ ስለሚያውቅ «ለዚህ ነው አንድ አምስተኛው የሞላው» ብሎ ያጠናክረዋል። እዚህ ላይ «ተሳስተሃል» አይበሉ፤ «ልክ ነህ»ም አይበሉ። «እስቲ እንፈትነው» ይበሉ።

9. ሦስቱንም ሻማ ይለኩሱ (6 ደቂቃ)። አስቀድመው ይህን ይጠይቁ፦ «ብልቃጡ ያው ነው፤ ውስጡ ያለው አየርም ያው ነው፤ ኦክስጅኑም ያው ነው። ሦስት ሻማ ቢነድድ ውሃው ከበፊቱ ይበልጣል፣ እኩል ይሆናል ወይስ ያንሳል?» እንደገና በጽሑፍ፣ እንደገና በጣት። ምክንያቱ ኦክስጅን ነው ያለ ተማሪ «እኩል» ማለት ይገባዋል፤ ወደዚህ የሚያመጣው የራሱ አስተሳሰብ ስለሆነ ውጤቱን የሚጠብቀው ትንፋሹን ውጦ ነው።

ያልሞቀውን ሁለተኛውን ብልቃጥ ይጠቀሙ። የመጀመሪያው ገና ትኩስ ስለሆነ ውስጡ ያለው አየር በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ንጽጽሩም ይበላሻል። ትሪው ላይ ያለው ሻይ ከጎደለ መጀመሪያ ወደነበረበት ይሙሉት። ውሃው ከበፊቱ የበለጠ ይወጣል።

ሦስቱ ሻማዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ የቆሙበት ምክንያትም አሁን ይጠየቃል። መጀመሪያ አንድ ሻማ ብቻ አቁመን በኋላ ሁለት ብንጨምር ኖሮ፣ የተጨመሩት ሻማዎች ራሳቸው በሚይዙት ቦታ የውሃውን ከፍታ ይለውጡት ነበር፤ ልዩነቱ ከእሳቱ ይሁን ከሻማው ውፍረት መለየት አንችልም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ፣ የነደደው ሻማ ቁጥር፣ ነው። ስለ ሙከራ ቁጥጥር በቃል ከማስረዳት ይህቺ አንድ ጥያቄ ትበልጣለች።

10. ማብራሪያውን አብረው ይሥሩ (6 ደቂቃ)። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ንባቦች ይጠቁሙ። ሻማው እየነደደ ሳለ ውሃው ብዙም አልወጣም፤ የወጣው በአብዛኛው ነበልባሉ ከደከመና ከጠፋ በኋላ ነው። ምክንያቱ ኦክስጅን ቢሆን ኖሮ ሻማው በሚነድድበት ጊዜ ሁሉ ቀስ በቀስ መውጣት ነበረበት። ከጠፋ በኋላ የተለወጠው ምንድን ነው? ሙቀቱ። ከዚህ ተነሥተው የሚደርሱበት ማብራሪያ እንዲህ ነው፦

ነበልባሉ በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀ አየር ይስፋፋል። ስለዚህ ብልቃጡ ሲደፋ የሚይዘው የሞቀና የሳሳ አየር ነው፤ ከፊሉም በአረፋ መልክ በከንፈሩ ሥር ሊያመልጥ ይችላል። ሻማው ሲጠፋ የታፈነው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከቃጠሎው የወጣው የውሃ ተን ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል። ውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል። የውጭው አየር ግፊት ግን አልቀነሰም፤ ውሃውን ገፍቶ የሚያስገባው እርሱ ነው። ሦስት ሻማ የበለጠ አየር ስለሚያሞቅ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ልዩነትም ይበልጣል።

ኦክስጅኑስ? በእርግጥ ይቀንሳል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አያልቅም፤ ሻማው የሚጠፋው ብዙ ኦክስጅን ገና ሳለ ነው። የተቃጠለውም ዝም ብሎ አይጠፋም፤ አብዛኛው ቦታ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል። ለከፍተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ከሆነ ፓራፊን ሲቃጠል ያለውን ስሌት ማሳየት ይቻላል፦ 25 ካርቦን ያለው ፓራፊን 38 የኦክስጅን ሞለኪውሎች ወስዶ 25 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 26 የውሃ ሞለኪውሎች ይሰጣል። ስለዚህ የኦክስጅን ድርሻ አለ፤ ግን ትንሹ ነው።

አንዳንድ አጋዥ መጻሕፍት ላይ የኦክስጅኑ ማብራሪያ ብቻ ታትሞ ያገኙታል። ለተማሪዎቹ ደብቀው አይለፉት። መጽሐፉን አስነብበው «ሦስቱን ሻማ ሊያብራራ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ።

11. መውጫ ጥያቄ (4 ደቂቃ)። ወረቀቱ ጀርባ ላይ በሁለት መስመር ይመልሱ፦ «ባዶ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ አንቀርቅበን ደፋነውና ወዲያው ከደንነው። ሲቀዘቅዝ ጠርሙሱ ተጨማደደ። ለምን?» እዚህ ሻማም ኦክስጅን የሚበላ እሳትም የለም። «ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ግፊቱ ቀነሰ፣ የውጭው ገፋው» የሚል ይዘት ካገኙ ገብቷቸዋል። «ሳበው» ብቻ የሚል ከበዛ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በዚያ ይጀምሩ። 60 ወረቀት ማረም አይጠበቅብዎትም፤ ገብቶታል፣ ከፊል፣ አልገባውም ብለው በሦስት ክምር ይለዩ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደቂቃዎቹ ሲደመሩ ልክ 40 ናቸው፤ ተማሪው ገብቶ እስኪቀመጥ ጊዜ ከበላ ደረጃ 11ን የቤት ሥራ ያድርጉት። ደረጃ 3ን ግን አይንኩት።

ሙከራው እምቢ ቢል

ውሃው ምንም ካልወጣ ከንፈሩ ገጥሟል ወይም ትሪው ላይ ያለው ውሃ አንሶ አየር ከውጭ እየገባ ነው። ሻማው ብልቃጡ እንደተደፋ ወዲያው ከጠፋ ብልቃጡ ትንሽ ነው ወይም ሲደፉት በኃይል ነፍሰውበታል። ከሦስቱ ሻማዎች አንዱ ቀድሞ ከጠፋ ቁመታቸው አይመጣጠንም፤ ሙቁ ጭስ ከላይ ስለሚጠራቀም ረጅሙ ቀድሞ ይታፈናል። ክፍሉ ፊት ሲበላሽብዎት ተደናግጠው አይሸፍኑት፤ «ምን የተለወጠ ይመስላችኋል?» ብለው ለክፍሉ ይስጡት።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

ትክክል የገመተውን ማድነቅ። «ጎበዝ!» ካሉት በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም የሚገምተው ሙከራውን ሳይሆን እርስዎን ነው። ለጥሩ ምክንያት ግን፣ መልሱ ቢሳሳትም፣ ምስጋና ይገባል።

ሁልጊዜ ከፊት ዴስክ ያሉትን ሦስት አራት ልጆች መጠየቅ። ሌሎቹ ይህን ሲያውቁ ማሰብ ያቆማሉ።

ሙከራውን ከሚገባው በላይ ማብዛት። በአንድ ክፍለ ጊዜ አራት ሠርቶ ማሳያ የሚያቀርብ መምህር ዐውቃለሁ፤ ተማሪዎቹ ይወዱታል፤ ስለ አንዱም ግን ምክንያት መስጠት አይችሉም። አንድ ሙከራ፣ ሁለት ግምት ይበቃል።

በዚሁ አካሄድ የሚሠሩ ሌሎች ርዕሶች

*የመፍላት ነጥብ።* መጽሐፉ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይላል፤ ተማሪው 100 ይገምታል። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,300 ሜትር ግድም ከፍታ፣ ቴርሞ ሜትሩ የሚያሳየው 92 አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር 94 ገደማ። ክርክሩ ራሱ ወደ አየር ግፊት ይወስዳል። እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞ ሜትር ያስፈልጋል፤ የሕክምናው አይሆንም፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል።

*ብርሃንና ዕፅዋት።* ሁለት ጣሳ ውስጥ ባቄላ ይዝሩ፤ አንዱን ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ። የትኛው ይረዝማል? ሁሉም ማለት ይቻላል የፀሐዩን ይመርጣል። የሚረዝመው የጨለማው ነው፤ ቢጫና ቀጭን ሆኖ። ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ግምቱ የተጻፈበትን ወረቀት እርስዎ ያስቀምጡት።

*አሲድና ቤዝ።* ከርከዴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ያጥልሉት። ሎሚ ሲጨመርበት ቅላቱ ይደምቃል፤ ቤኪንግ ሶዳ ወይም የተጠለለ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ቤኪንግ ፓውደር አይጠቀሙ፤ ራሱ አሲድ ስላለበት ውጤቱን ያደናግራል። ተማሪዎች ከቤት የሚያመጡትን ዕቃ እንዲፈትኑ ከፈቀዱ አስቀድመው ዝርዝር ይስጡ፤ በረኪና ከዝርዝሩ ይውጣ። በረኪና ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የአመድ ውሃውም ዓይን ያቃጥላል፤ የሚቀዱት እርስዎ ይሁኑ።